ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ውኃው ከየት እንደሚመጣ እወቁ

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። ለበዓሉ የምለብሰውን የሀበሻ ቀሚስ ከቁም ሳጥን ሳወጣው ጀርባው ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ አየሁ። ቡና የተረጨበት መሰለኝ። ጠጋ ብዬ ሳሸተው ግን የሻገተ እንጀራ ሽታ ሸተተኝ። እጄን ሰድጄ የቁም ሳጥኑን ጀርባ ዳሰስኩት። እርጥብ ነው። ከባለቤቴ ጋር ሆነን ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ሳብነው። ግድግዳው ከወለሉ እስከ ትከሻዬ ድረስ ጠቁሯል። የልጃችን አልጋ ከዚያው ግድግዳ ጋር የተጠጋ ነው። ክረምቱን በሙሉ ፊቱን ወደዚያ አዙሮ ነበር የሚተኛው።

ልጁ ከሐምሌ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ያስል ነበር። ሲተነፍስ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። እኛ ጉንፋን ነው ብለን ማርና ዝንጅብል ስናጠጣው፣ ብርድ እንዳይመታው ብለን የመስኮቱን ክፍተት በጨርቅ ስንወትፍ ከረምን። በበዓሉ ማግስት ክሊኒክ ወሰድነው። ሐኪሟ ደረቱን አዳምጣ ስትጨርስ ቀና ብላ፣ «ቤታችሁ እርጥበት አለው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ያን ጥያቄ ሦስት ወር ቀደም ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ብዬ ብዙ አለቀስኩ። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው። ተከራይታችሁ የምትኖሩ፣ በተለይ ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ፣ እኔ ሁለት ክረምት የፈጀብኝን ነገር በአንድ ቀን እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

ቤቱ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ከግቢው ጀርባ ያለ ባለ አንድ ክፍል ተኩል ሰርቪስ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ቺፑድ። የገባነው በሚያዝያ ነበር። ደረቅ፣ ንጹሕ፣ አዲስ ቀለም የተቀባ። ደላላው «ገና ትናንት ነው የተቀባው» ሲለን ደስ አለን። አንድ ነገር ግን አላስተዋልንም። አዲስ የተቀባው ሙሉው ግድግዳ አልነበረም። ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ያለው ብቻ ነበር። ዛሬ እንዲህ ዓይነት ቤት ባይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ከቀለሙ ሥር ምን አለ?» ብዬ ነው።

ያኔ ያደረግነው ማንም ሰው የሚያደርገውን ነው። በረኪና ገዝተን ግድግዳውን ፈተግነው። ጥቁሩ ሲለቅ እፎይ አልን። ከዚያ ስቱኮ አስመታን፣ ፕላስቲክ ቀለም ቀባን። ጥቅምት መጣ፣ ኅዳር መጣ፣ ግድግዳው ወተት መስሎ ከረመ። ተገላገልን አልን። በጋ ግን ሁሉንም ነገር ይደብቃል። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ማለቂያ ላይ ቀለሙ እንደ ቂጣ ይነፋ ጀመር። በሐምሌ አጋማሽ ጥቁሩ እዚያው ቦታው ላይ ተመልሶ ነበር። የከፈልነው የቀለም ገንዘብም አብሮ ተላጠ።

ሻጋታ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ዘሩ በዓይን አይታይም፤ በየትኛውም ቤት አየር ውስጥ አለ። የጎደለው ውኃ ብቻ ነው። ውኃ ካገኘ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ማደግ ይጀምራል። የሚበላው አቧራውን፣ የቀለሙን ሙጫ፣ ወረቀቱን፣ እንጨቱን፣ ጨርቁን ነው። እናቶቻችን ይህን ከጥንት ያውቁታል። እንጀራ ከምጣድ እንደወጣ ተደራርቦ መሶብ ውስጥ አይከደንም። ሰፌድ ላይ በረድ እስኪል ይጠበቃል። ሙቅ ሆኖ ከተከደነ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውኃ ሆኖ ይወርዳል፤ እንጀራውም ቀኑ ሳይደርስ ይሻግታል። ክረምት ላይ በሩንና መስኮቱን ዘግተን የምናበስልበት፣ የምንተኛበት ክፍልም ሙቅ እንጀራ የተከደነበት መሶብ ነው። እኔ ይህ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው።

የረዱን የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን በግንበኝነት ያሳለፉ ሰው። ልጄ ሲያስል ሰምተው ገቡና ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። በጣታቸው አንኳኩተው አዳመጡት። ከዚያ ወጥተው ቤቱን በውጭ ዞሩት። ሲመለሱ፣ «ልጄ፣ ይህ ቤት አንድ ውኃ አይደለም የገባው፤ ሦስት ነው» አሉኝ። «ሦስቱን ለይተሽ ካላወቅሽ፣ ቀለም ሻጩን ነው የምታበይው።»

የመጀመሪያው ከመሬት የሚመጣው ነው። ከቤታችን ጀርባ ያለው አፈር ባለፉት ዓመታት እየተደለደለ ከክፍላችን ወለል በላይ ከፍ ብሏል። ግድግዳው አፈር ውስጥ ተቀብሯል ማለት ነው። ብሎኬት ውኃ ይጠጣል፤ የጠጣውን ወደ ላይ ይስባል። ምልክቱ እንዲህ ነው፦ እርጥበቱ ከወለሉ ይነሣና ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜትር በታች ይቆማል። ቀለሙ ይነፋል፣ ልስኑ ሲነኩት ይፈረፈራል። ከሁሉም በላይ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ይወጣል። ያ ነጭ ነገር ሻጋታ አይደለም፤ ውኃው ከአፈሩና ከሲሚንቶው ይዞት የመጣ ጨው ነው። ውኃው ሲተን ጨው ግድግዳው ላይ ይቀራል። እኛ ቤት ነጩ ከታች ነበር፣ ጥቁሩ ከላይ። እኔ ሁለቱንም አንድ ነገር አድርጌ ነበር የማያቸው።

ሁለተኛው ከጣሪያ የሚመጣው ነው። ኮርኒሱ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ቡናማ ክብ ነበር። ቆርቆሮው የተመታበት ሚስማር ጎማው በፀሐይ ተሰነጣጥቆ በቀዳዳው ውኃ ያስገባል። ይህን መለየት ቀላል ነው። ከባድ ዝናብ በዘነበ ማግስት ክቡ ይሰፋል፤ ዝናብ ሲጠፋ ይደርቃል። በእርሳስ ዳር ዳሩን አስምሩበትና ቀን ጻፉበት። በሚቀጥለው ዝናብ ከመስመሩ ካለፈ፣ የሚያፈስ ነገር ከላይ አለ።

ሦስተኛውን ለማመን ከበደኝ። ከእኛው ከራሳችን የሚመጣው ነው። ሰው ተኝቶ ሲያድር በትንፋሹና በላቡ ውኃ ያወጣል፤ አራት ሰው በአንድ ክፍል ካደረ ሊትር ገደማ ይሆናል። ቡታ ጋዝም እንዲሁ ነው። አንድ ኪሎ ጋዝ ሲቃጠል አንድ ሊትር ተኩል ያህል ውኃ ተን ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል፤ ይህ ከድስቱ የሚወጣውን እንፋሎት ሳይጨምር ነው። የእንጀራ ምጣዱን፣ ክፍል ውስጥ የሚሰጣውን ልብስ ጨምሩበት። ይህ ሁሉ ተን ቀዝቃዛ ቦታ ሲያገኝ ውኃ ይሆናል። ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ የሚያልበው ለዚህ ነው። በክፍላችን ውስጥ ቀዝቃዛው ቦታ የውጭው ግድግዳ ነበር፤ በተለይ አየር የማይደርሰው የቁም ሳጥኑ ጀርባና የአልጋው ራስጌ። ኮርኒስ የሌለው ቤት ውስጥ የምትኖሩ ደግሞ ጠዋት ላይ ከቆርቆሮው ጠብ ጠብ ሲል ያፈሰሰ ይመስላችኋል። ሌሊቱ ሳይዘንብ ካደረ ግን ቆርቆሮው አልቦት ነው።

ጥርጣሬ ከገባችሁ አንድ ቀላል መፈተሻ አለ። መዳፍ የሚያህል የአሉሚኒየም ፎይል ቁረጡ። ግድግዳውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና ፎይሉን አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ደህና አድርጋችሁ ለጥፉት። ሁለት ቀን ተዉት። ስታነሱት በክፍሉ በኩል ያለው ፊቱ ከረጠበ፣ ውኃው ከቤቱ አየር ነው። በግድግዳው በኩል ያለው ፊቱ ከረጠበ፣ ውኃው በግድግዳው ውስጥ አልፎ እየመጣ ነው። እኔ ሁለት ቦታ ለጠፍኩ። ታች ወለሉ አጠገብ ያለው በግድግዳው በኩል ረጠበ። ከአልጋው በላይ ያለው በክፍሉ በኩል ረጠበ። ሽማግሌው ያሉት ልክ ነበር።

ፎይሉን ፎቶ አንሥቼ ወደ አከራያችን ሄድኩ። ደግ ሴት ናቸው፤ ግን ቤቱን የሚወዱት እንደ ልጅ ነው፣ እንከን አለበት ሲባሉ ይከፋቸዋል። መጀመሪያ፣ «ልጄ፣ ክረምት ነው እኮ፤ የማይረጥብ ቤት የት አለ?» አሉኝ። ባለፈው ዓመት ቢሆን ተናድጄ እወጣ ነበር። አሁን ግን የምናገረው ነገር ነበረኝ። «እማማ፣ ይህ ከጀርባ ካለው አፈር የሚመጣ ነው። እንዲህ ከቀጠለ ብሎኬቱን ይበላብዎታል፤ እኛ ብንወጣም ቤቱ የእርስዎ ነው» አልኳቸው። ይዣቸው ወጥቼ አፈሩን አሳየኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና ልጃቸውን ጠሩት።

የተስማማነው እንዲህ ነው። አሸንዳውን፣ አዲሱን ሚስማርና ጠጠሩን እሳቸው ገዙ። ጉልበቱ የእኛ ሆነ። ባለቤቴና የአከራያችን ልጅ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ከጀርባ ያለውን አፈር ቆፍረው ከወለላችን በታች አወረዱት፤ ቦይ አበጅተው ወደ መንገዱ ቁልቁል አወጡት፤ ቦዩን በጠጠር ሞሉት። የጣሪያውን ውኃ በአሸንዳ ሰብስበው ከግድግዳው አራቁት። የተነፋውን ልስን ፍቀን ሳንለስን ለወራት ተውነው። ይህን አስምሩበት፦ የረጠበ ግድግዳ ሳይደርቅ በቀለም መሸፈን ቁስልን ሳያጥቡ እንደ ማሰር ነው። ግድግዳ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቅ፣ በጋ ይፈልጋል። መልኩ አያምርም፤ ግን እንግዳ ቢያየውም ይየው። ለጉልበታችን የተቆረጠውን ከኪራዩ ተቀናሽ አድርገን፣ በወረቀት ጽፈን ተፈራረምን።

የእኛ ድርሻ የነበረው ሦስተኛው ውኃ ነው። እዚህ ላይ የከበደኝ ሥራው አልነበረም፤ ልማዱ ነው። እኛ ነፋስ እንፈራለን። ምች ይመታል፣ ብርድ ይገባል ተብለን ነው ያደግነው። ታክሲ ውስጥ እንኳ መስኮት ሲከፈት የምንጣላ ሰዎች ነን። እናቴ መስኮት ስከፍት ባየች ቁጥር፣ «ኧረ ልጁን ብርድ አታስመቺው!» ትለኝ ነበር። እኔም በርዶት እንዲተኛ አልፈልግም። ስለዚህ ሲተኛ አልከፍትም። ጠዋት ከአልጋ ስንነሣ ለሩብ ሰዓት፣ ምግብ ስሠራና ስጨርስ፣ ገላ ከታጠብን በኋላ እከፍታለሁ፤ ከተቻለ በርና መስኮቱን ፊት ለፊት፣ አየሩ አልፎ እንዲሄድ። በክረምት ከሰዓት በፊት ፀሐይዋ ብልጭ ስትል ያቺን ሰዓት አላሳልፋትም። ዝናብ እየዘነበም ቢሆን ድስት ከተጣደ መስኮቷን ገርበብ አደርጋለሁ፤ የውጭው ቀዝቃዛ አየር ከድስቱ እንፋሎት ያነሰ ውኃ ነው የያዘው። ድስት ሁልጊዜ ክዳን አለው። ልብስ በረንዳ ላይ ታዛ ሥር ይሰጣል። ቁም ሳጥኑና አልጋው ከውጭው ግድግዳ አንድ መዳፍ ያህል ርቀዋል። ፍራሽ መሬት ላይ የምታነጥፉ ከሥሩ የጣውላ ርብራብ አድርጉለት፤ ቢያንስ ጠዋት ጠዋት አንሡና ግድግዳ ላይ አቁሙት። እህቴ ከውጭ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ልካልኝ ነበር፤ 60 በመቶን ሲያልፍ እከፍታለሁ። መለኪያ ከሌላችሁ ግን መስታወቱ ይበቃል። ጠዋት መስታወቱ ካላበ ቤቱ ውኃ ጠግቧል።

እባካችሁ፣ ቤቱን ለማድረቅ ብላችሁ ከሰል አቀጣጥላችሁ በር አትዝጉ። ከሰል ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ያንቀላፋ ሰው አይነቃም። በክረምት ብርድ ምክንያት በዚህ መንገድ የጠፉ ቤተሰቦችን ዜና ሁላችንም ሰምተናል። ያልተቀጣጠለ ከሰል በሳህን አድርጎ ቁም ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ሽታ ይቀንስ ይሆናል። ውኃውን ግን አያቆምም።

ሻጋታውን ስታጸዱ በደረቁ አትቦርሹት። ዘሩ አየር ላይ ይበተንና ክፍሉን በሙሉ ይሞላዋል፣ እናንተም ትተነፍሱታላችሁ። አፍንጫና አፋችሁን በማስክ ሸፍኑ፣ ጓንት አድርጉ፣ ልጆችን ከክፍሉ አውጡ፣ መስኮት ክፈቱ። ኦሞ ወይም ሌላ ሳሙና በውኃ በጥብጣችሁ በጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ አድርቁ። በረኪና ለሴራሚክና ለመስታወት ይሠራል። ብሎኬትና እንጨት ላይ ግን ቀለሙን ያነጣዋል እንጂ ወደ ውስጥ የገባውን አይደርስበትም፤ እኔ የተሸወድኩት በዚህ ነው። በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ወይም ከኮምጣጤ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል። ልብስና ብርድ ልብስ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ሲመታው ይድናል። ውስጡ ድረስ የሻገተ ስፖንጅ ፍራሽ ግን አይድንም። የልጄን ፍራሽ ስጥል አንጀቴ ተላውሷል፤ ውድ ነው። ግን ጣልኩት።

ስለ ጤናው አንድ ነገር ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካል ሕመምና ለአስም የበለጠ የተጋለጡ መሆናቸውን አስፍሯል። ጉንፋን በሳምንት ሁለት ሳምንት ይለቃል። ቤት ሲገቡ የሚብስ፣ አክስት ቤት ሁለት ቀን ሲያድሩ የሚሻል ሳል ካለ ግን ግድግዳችሁን ተመልከቱ። ለሐኪሙም ሳትጠየቁ ንገሩት።

አሁን ቤት የምትፈልጉ ከሆነ፣ ከቻላችሁ በክረምት ፈልጉ። ቤት እውነቱን የሚናገረው ነሐሴ ላይ ነው። በበጋ የምታዩ ከሆነ ደግሞ ዓይናችሁን ወደ ታች አድርጉ፤ ወለሉ አጠገብ ግድግዳውን በጥፍር ጫር አድርጉት። ቁም ሳጥኑን ከፍታችሁ አሽትቱ። ኮርኒሱ ላይ ክብ ፈልጉ። ቤቱን ከኋላ ዞራችሁ አፈሩ የት ድረስ እንደሆነ እዩ። ከደላላው ይልቅ ጎረቤቱን ጠይቁ፤ «ክረምት እንዴት ነው?» ብቻ በሉ፣ ፊታቸው ይነግራችኋል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ከላይ ያለው መታጠቢያ ቤት በየትኛው ክፍላችሁ በኩል እንደሚወርድ ተመልከቱ፤ ዝናብ ሳይኖር በጋ ከክረምት የሚረጥብ ግድግዳ የቧንቧ ነገር ነውና ከላይኛው ጎረቤት ጋር መነጋገር ግድ ይላል። ጭቃ ቤት ከሆነ ደግሞ በሲሚንቶ ከተለሰነ ተጠንቀቁ። ጭቃ የጠጣውን ውኃ እየተነፈሰ ያስወጣል። ሲሚንቶ ያፍነዋል፤ ከውጭ አምሮ ከውስጥ ማገሩና ቋሚው ይበሰብሳል።

ውል ስትፈራረሙ የቤቱን ሁኔታ አብራችሁ ጻፉ፤ የገባችሁበትን ቀን ፎቶም ያዙ። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉም ቤቱን በደህና ሁኔታ የመጠበቅ ዋናው ግዴታ የአከራዩ ነው፤ ተከራዩ የሚሸከመው አነስተኛውን ጥገና ነው። እኔ ሕጉን ይዤ ሙግት አልገባሁም፤ በንግግር ተፈታልን። ግን ይህን ማወቄ ስናገር ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ረድቶኛል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሙሉ ክረምት አልፏል። የታችኛው ግድግዳ ደርቆ በጥር ለሰንነው። የኮርኒሱ ክብ ከእርሳስ መስመሩ አላለፈም። ልጄን ሳሉ ጨርሶ ተወው ባይባልም፣ ሌሊት ተኝቶ ያድራል። ከአልጋው በላይ ባለችው ጥግ ላይ ብቻ፣ ነሐሴ ላይ ዝናቡ ለቀናት ሳያባራ ሲቀር፣ እንደ ጤፍ ፍሬ ያሉ ጥቋቁር ነጥቦች ብቅ ይላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሳሙና እጠርጋቸዋለሁ፣ አደርቃቸዋለሁ፣ መስኮቱን እከፍታለሁ።